ግራፊክስ ካርድን ሳይጎዱ ኦቨርክሎክ ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ጌሙ ደስ ይላል፣ ግን ላግ ያደርጋል። ጥራቱን ዝቅ ማድረግ አያጓጓም። አዲስ ካርድ መግዛት ደግሞ ኪስ ይጎዳል። እንዲህ ሲሆን ሰው ዓይኑን የሚጥለው በእጁ ያለው ካርድ ላይ ነው፤ ትንሽ ቢፈጥንስ? ኦቨርክሎክ ማለት ይኸው ነው። ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ከተሰጠው ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማድረግ።

ከመጀመራችን በፊት ግን ተስፋችሁን ልክ እናስይዘው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤንቪዲያ ጂፒዩ ቡስት የሚባለውን አሠራር ካመጣ ወዲህ ካርዶች ሙቀታቸውንና የሚስቡትን ኃይል እያዩ ራሳቸውን ያፈጥናሉ። የኤኤምዲዎቹም እንደዚያው። ስለዚህ ለእኛ የተረፈው ጥቂት ነው። ከ5 እስከ 10 በመቶ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። 60 ፍሬም በሰከንድ የነበረው 63 ወይም 66 ይሆናል። 30ን 60 አደርጋለሁ ያለ ሰው ራሱን እያታለለ ነው። በሌላ በኩል 57 ላይ ሲንገዳገድ የነበረ ጌም 60 ላይ ሲረጋ ልዩነቱ ለዓይን ይታያል።

ካርዱ ይቃጠላል ወይ?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህንን ነው። በሶፍትዌር ብቻ ዘመናዊ ካርድ ማቃጠል ቀላል አይደለም። ካርዱ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ከባሰም ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ቮልቴጁም ጣሪያ ተበጅቶለታል። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የካርዱን ባዮስ (ካርዱ ውስጥ የተጫነውን መሠረታዊ ሶፍትዌር) በሌላ መተካት፣ ከተበጀለት ጣሪያ በላይ ቮልቴጅ መስጠት፣ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ላይ ጭነት መጨመር፣ በአቧራ የታፈነ ካርድን ለወራት እየጋለ ማሠራት። ከእነዚህ ከራቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥማችሁ ክራሽ ነው። ክራሽ ደግሞ በሪስታርት ይስተካከላል። ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ግን አይመለስም፤ ሌሎች ፕሮግራሞችን ቀድማችሁ ዝጉ። የካርዱን የዋስትና ውልም አንብቡ፤ ኦቨርክሎክን በተመለከተ አምራቾች አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም።

1. በእርግጥ ችግሩ የካርዱ ነው?

ጌሙን ከፍታችሁ የጂፒዩውን (የግራፊክስ ካርዱን ዋና ቺፕ) አጠቃቀም እዩ። ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ ካርዱ ያለ የሌለ ኃይሉን እያወጣ ነው፤ ኦቨርክሎክ ይጠቅመዋል። 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ወይ ሲፒዩው አልደረሰበትም፣ ወይ ቪሲንክ (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለው ምርጫ) በርቷል፣ ወይ ደግሞ የሆነ ቦታ የፍሬም ገደብ ተቀምጧል። እንዲህ ከሆነ ካርዱን ማፍጠን ሙቀት ከመጨመር በቀር ምንም አይሠራም።

2. መጀመሪያ ማቀዝቀዝ

ኬዙን ክፈቱ። አቧራውን አውጡ። የካርዱን ፋኖች በአየር ስትነፉ በጣት ያዟቸው፤ ዝም ብለው በፍጥነት ከተሽከረከሩ ሊበላሹ ይችላሉ። ካርዱ ያረጀ ከሆነና ሳይነካ እንኳን የሚግል ከሆነ ቴርማል ፔስቱን (ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት) መቀየር ከማንኛውም ኦቨርክሎክ በላይ ሊረዳ ይችላል። ይህ የማያጓጓው ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ግን ካርዱ በቀዘቀዘ ቁጥር ራሱን የበለጠ ያፈጥናል። እዚህ ጋ ያተረፋችሁት 5 ዲግሪ ሶፍትዌሩ ላይ ምንም ስላይደር (ቁጥሩን ከፍ ዝቅ የምታደርጉበትን ተንሸራታች) ሳትነኩ የምታገኙት ፍጥነት ነው።

ፓወር ሰፕላዩንም እዩ። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ቦታ በደረጃው እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት። ካርዱ ሁለት ማስገቢያ ካለው ከአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ከማውጣት ይልቅ ሁለት የተለያዩ ገመዶችን ተጠቀሙ። አዲሱ ባለ 16 ፒን ሶኬት ያላቸው ካርዶች ላይ ደግሞ ገመዱ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ሶኬቱ የቀለጠበት ካርድ አለ።

3. መሣሪያውና መነሻው

በብዛት የሚሠራበት ሶፍትዌር ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ነው። ነፃ ነው፤ ካርዱ የሌላ አምራች ቢሆንም ይሠራል። ከራሱ ከኤምኤስአይ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱት፤ እሱን መስለው ቫይረስ የሚያወርዱ የውሸት ገጾች አሉ። የኤኤምዲ ካርድ ያላችሁ በድራይቨሩ ውስጥ ያለው አድሬናሊን ይበቃችኋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አትጠቀሙ፤ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያፈርሰዋል።

ቀጥሎ የካርዱን አቅም በነጥብ የሚለካ ፕሮግራም፣ ማለትም ቤንችማርክ ያስፈልጋችኋል። ዩኒጂን ሱፐርፖዚሽን ወይም ስሪዲማርክ ጥሩ ናቸው። ምንም ሳትነኩ ሦስት ጊዜ አስኬዱትና ውጤቱን፣ ከፍተኛውን ሙቀትና ካርዱ የሮጠበትን ፍጥነት ወረቀት ላይ ጻፉ። ሦስት ጊዜ የሚያስፈልገው ውጤቱ በራሱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው። ያንን ካላወቃችሁ በኋላ የ1 በመቶ ልዩነት ስታዩ ያተረፋችሁ ይመስላችኋል። ይህ ወረቀት ከስላይደሮቹ ሁሉ ይበልጣል። ስላይደሩ ላይ ያለው ቁጥር ልመና ነው፤ ካርዱ የሰጣችሁ መልስ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።

4. ፓወር ሊሚትና ፋን

አፍተርበርነር ላይ ፓወር ሊሚቱን እስከሚፈቅደው ድረስ ግፉት። ይህ ካርዱን በጉልበት አያፈጥነውም፤ ሲፈልግ የሚስበውን ኃይል ብቻ ይፈቅድለታል። 200 ዋት የሚወስድ ካርድ ላይ 10 በመቶ ማለት 20 ዋት ነው፤ ፓወር ሰፕላያችሁ ይህንን መቻል አለበት። የቮልቴጁን ስላይደር አትንኩ። የሚያስገኘው ትንሽ ነው፣ የሚያመጣው ሙቀት ግን ትንሽ አይደለም።

ፋኑን በራሳችሁ መስመር አስተካክሉት። ለምሳሌ 60 ዲግሪ ላይ 50 በመቶ፣ 70 ላይ 70 በመቶ፣ 80 ላይ 100 በመቶ። ድምፁ ካስቸገራችሁ ዝቅ አድርጉት። እኔ ብሆን ኮሩን (ዋናውን ቺፕ) ከ80 ዲግሪ በታች ለማቆየት እሞክራለሁ። ካርዱ ከዚያ በላይም ይችላል፤ ግን ሲግል ፍጥነት ስለሚቀንስ የለፋችሁበትን መልሶ ይበላዋል።

5. ኮር ክሎክ

አሁን ወደ ዋናው ገባን። ኮር ክሎኩን 25 ሜጋኸርዝ ጨምሩ፣ አፕላይ በሉ፣ ቤንችማርኩን አስኬዱ። ካለፈ ሌላ 25። አንዳንድ የኤኤምዲ ካርዶች ላይ ስላይደሩ የሚያሳየው ጭማሪውን ሳይሆን ጠቅላላውን ፍጥነት ነው፤ አትደናገጡ፣ አሠራሩ አንድ ነው።

ብዙ የኤንቪዲያ ካርዶች ከ100 እስከ 200 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማሉ። የእናንተ ስንት ላይ እንደሚቆም ግን ማንም አይነግራችሁም። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆነው እንኳን ቺፖቹ እኩል አይወጡም። የሌላ ሰው ቁጥር ገልብጦ ማስገባት ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የማይሠራው።

ጣሪያው ላይ ስትደርሱ ታውቁታላችሁ። ጌሙ በራሱ ይዘጋል። ወይም ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ይመለሳል። ይህ ዊንዶውስ ጂፒዩው በ2 ሰከንድ ውስጥ አልመልስ ሲለው ድራይቨሩን እንደገና ሲያስነሳ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሳይዘጋ ምስሉ ይበላሻል፤ ከገጸ ባሕሪው ትከሻ ላይ ቀጭን ሦስት ማዕዘን ተመዝዞ እስከ ሰማይ ይወጣል፣ ወይም ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ያኔ 25 ወይም 50 ሜጋኸርዝ ወደ ኋላ ተመለሱ። ቁጥሩን ጻፉና ኮሩን ለጊዜው ወደ ዜሮ መልሱት።

6. ሜሞሪ፣ የሚያታልለው

ኮሩን ዜሮ ያደረግነው ምክንያት አለው። ሁለቱን አብራችሁ ከጨመራችሁ ክራሽ ሲመጣ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ሜሞሪውን በ100 ሜጋኸርዝ እየጨመራችሁ ሂዱ። እዚህ ጋ ግን ክራሽ አትጠብቁ። አዳዲሶቹ የሜሞሪ ዓይነቶች፣ እነ ጂዲዲአር6፣ መረጃ ሲተላለፍ ስህተት መፈጠሩን የሚያውቁበት መንገድ አላቸው። ሲሳሳቱ ያንኑ መረጃ ደግመው ይልኩታል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ጌሙም አይዘጋም። መድገሙ ግን ጊዜ ይወስዳል። እናንተ ፍጥነት የጨመራችሁ ይመስላችኋል፣ ካርዱ ግን ስህተቱን ሲያርም ይውላል።

እንዴት ታውቁታላችሁ? ከወረቀቱ። በምሳሌ ልንገራችሁ። ያለ ምንም ጭማሪ ውጤቱ 10,000 ነበር እንበል። 400 ላይ 10,150 ሆነ። 600 ላይ 10,220። 800 ላይ 10,230፤ መጨመሩ ቆመ ማለት ይቻላል። 1,000 ላይ 10,090። አልተዘጋም፣ አልተበላሸም፣ ግን ወርዷል። የዚህ ካርድ ቦታ 600 አካባቢ ነው። 1,000 ላይ ‘ያለ ችግር ይሠራል’ ብሎ የሚተወው ሰው በትልቅ ቁጥር ትንሽ ፍሬም እያገኘ ነው።

ካርዳችሁ ጂዲዲአር6ኤክስ ሜሞሪ ካለው የሜሞሪውን ሙቀትም ለብቻ ተከታተሉ። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ያሳያችኋል። 110 ዲግሪ ሲደርስ ካርዱ ፍጥነት መቀነስ ይጀምራል፤ ከዚያ በደንብ ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት።

7. ሁለቱን አብሮ፣ ጌም ላይ

ኮሩንና ሜሞሪውን ባገኛችሁት ቁጥር አንድ ላይ አስገቡ። ለየብቻ ያለፉት አብረው ሊወድቁ ይችላሉ፤ የሚካፈሉት አንድ የኃይል ገደብ ነውና። ከወደቁ መጀመሪያ ኮሩን ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

ለፈተናው ብዙ ሰው ፈርማርክ የሚባለውን ካርዱን በጭነት የሚፈትን ፕሮግራም ይመርጣል። እኔ አልመክረውም። በጣም ብዙ ኃይል ስለሚበላ ካርዱ የኃይል ገደቡን ነክቶ ፍጥነቱን ያወርዳል። እናንተ ልትፈትኑት የፈለጋችሁት ፍጥነት ላይ ጭራሽ አልደረሰም ማለት ነው። አለፈ ብላችሁ ጌም ስትከፍቱ ይወድቃል። የስሪዲማርክ የጽናት ፈተና ይሻላል፤ አንዱን ትዕይንት 20 ጊዜ ደጋግሞ ያስኬድና የፍሬሙ መረጋጋት 97 በመቶ ካልሞላ አላለፈም ይላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈታኝ ግን ጌሙ ራሱ ነው። የምትጫወቱትን ጌም ረዘም ላለ ጊዜ ተጫወቱ። ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ምስል የሚሠራ አሠራር) ያለው ጌም ካላችሁ እሱንም ሞክሩ፤ ሌላው ያላገኘውን ድክመት ብዙ ጊዜ እሱ ያወጣዋል። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። አንዳንድ ካርድ ክራሽ የሚያደርገው ገና ጌሙ እንደተከፈተ ወይም ሜኑ ላይ ነው። ካርዱ በዚያን ሰዓት ቀዝቃዛ ስለሆነና ጭነቱ ቀላል ስለሆነ ፍጥነቱ ጣሪያ ይነካል። ሲሞቅ ወርዶ ይረጋጋል። ስለዚህ ጌሙን ዘግታችሁ፣ ካርዱ እስኪበርድ ጠብቃችሁ እንደገና መክፈትም አንዱ ፈተና ነው።

ዊንዶውስ ሲከፈት ኦቨርክሎኩ አብሮ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ ለተወሰኑ ቀናት አታብሩት። ፕሮፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ ጌም ስትጫወቱ ብቻ በእጅ አስነሱት። ቀድማችሁ ካበራችሁትና ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሃንግ ካደረገ በሴፍ ሞድ ገብታችሁ ሶፍትዌሩን ማጥፋት ሊኖርባችሁ ነው።

ላፕቶፕ ያላችሁና ሙቀት ያስቸገራችሁ

ላፕቶፕ ላይ ሲፒዩውና ጂፒዩው ብዙ ጊዜ የሚቀዘቅዙት በአንድ መስመር ነው። አንዱን ስታፈጥኑ ሌላውን ታግላላችሁ። ለእናንተ የሚሻለው ተቃራኒው መንገድ ነው፤ አንደርቮልት፣ ማለትም ያንኑ ፍጥነት በትንሽ ቮልቴጅ ማግኘት። አፍተርበርነር ላይ ኮንትሮልንና ኤፍን አንድ ላይ ስትጫኑ የቮልቴጅና የፍጥነት መስመር ይከፈታል። ካርዱ ጌም ላይ የሚሮጥበትን ፍጥነት እዩ። 1,900 ሜጋኸርዝ በ1,000 ሚሊቮልት ነው እንበል። ከዚያ የ900 ሚሊቮልቱን ነጥብ ወደ 1,900 ከፍ አድርጉት፤ ከእሱ በስተቀኝ ያሉትን ነጥቦች ደግሞ ከ1,900 እንዳያልፉ ዝቅ አድርጓቸው። ክራሽ ካደረገ 925 ሞክሩ። ፍሬሙ ሳይቀንስ ሙቀቱም የፋኑ ድምፅም ይወርዳል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን አምራቹ ይህንን ስለሚቆልፈው መስመሩ አልንቀሳቀስ ሊል ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ዴስክቶፕም ቢሆን ካርዱ ብዙ ኃይል የሚበላ ዓይነት ከሆነ እኔ አንደርቮልቱን እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው። ሙቀት የበረታበት ወቅት ሲመጣ ቤንችማርኩን አንድ ጊዜ አስኬዱና ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ድራይቨር ስታድሱም እንደዚያው። አዲስ ጌም ገዝታችሁ እየተዘጋ ካስቸገራችሁ ደግሞ ጌሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ሁሉንም ስላይደር ዜሮ አድርጋችሁ ሞክሩት።