የታሪካዊ ሕንፃዎች አማካሪ ምክር ቤት ሲታጠፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ1953 የወጣው የብሪታንያ ሕግ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለእንግሊዝ፣ ለስኮትላንድና ለዌልስ ለየብቻ ሚኒስትሩን የሚያማክር የታሪካዊ ሕንፃዎች ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር። ዛሬ ሦስቱም የሉም። እንዲህ ያለ ተቋም ዘላለም ይኑር አልልም። የሚያንገበግበኝ አስተጣጠፉ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የአባላቱን አበልና የስብሰባውን ወጪ ደምሮ «ይህን ያህል ተረፈ» ማለት ነው። ሥራው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ከዞረ ወጪውም አብሮ ይዞራል፤ ሂሳቡ ይህን ማሳየት አለበት።

ሁለተኛው ይከፋል። «ሕዝቡና የቅርስ ማኅበራት ራሳቸው ይናገሩ የለም ወይ? ምክር ቤት ለምን ያስፈልጋል?» ይባላል። ይናገራሉ፤ ነገር ግን ወሬውን የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በለንደን የዩስተን ባቡር ጣቢያ መግቢያ የነበረው በ1837 የተሠራ ግዙፍ የድንጋይ በር እንዲፈርስ ሲወሰን ተቆርቋሪዎች በጥቅምት 1961 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ዘንድ ድረስ ሄደው ተማጸኑ። ሰሚ አላገኙም፤ ማፍረሱ በዚያው ዓመት ተጀመረ። ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ በምሥራቅ ለንደን የወንዝ ወለል ላይ ለተከፈተ ጉድጓድ መሙያ ሆኑ። የት እንደ ወደቁ የታወቀው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1994 ነው። ሚኒስትሩ ገና ሳይወስን እንዲያማክረው ሕግ የሚያስገድደው አካልና በር ላይ ቆሞ የሚለምን ተቆርቋሪ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ስህተት ቃለ ጉባኤውን መጋዘን አስገብቶ አባላቱን በምስጋና ደብዳቤ ማሰናበት ነው። አሮጌ ግንብ እንዴት እንደሚታከም በአብዛኛው የሚታወቀው ከትናንት ጥፋት ነው። የእኛው የጎንደር ፋሲል ግቢ ይህን ያውቃል። በ1930ዎቹ እድሳት የገባው ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት በ1970ዎቹ እድሳት በኖራ ተተክቷል። በኖራ የተገነባ ግድግዳ የጠጣውን ውኃ መልሶ ይተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ድንጋዩን ይበላዋል። ይህን በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ሰው ከተሰናበተ፣ ቀጣዩ ሥራ ተቋራጭ በቅን ልብ ያንኑ ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል።

የመጨረሻው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው፣ ምክሩን ለሚኒስትሩ ሠራተኞች አስረክቦ «ምንም አልጎደለም» ማለት ነው። ሠራተኞቹ ሊቃውንት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ደመወዙን ከሚከፍለው አለቃው ፊት ቆሞ «ተሳስተዋል» ማለት ለማንም ሰው ከባድ ነው። እንግሊዝ ይህን በመጠኑ አስባበታለች፤ የምክር ቤቱ ሥራ በ1984 የተላለፈው በሕግ ለቆመ ኮሚሽን ነው። ስኮትላንድ በ2003 ምክር ቤቱን በሌላ አማካሪ አካል ተካች፤ እርሱንም በ2010 በወጣ ሕግ አጠፈችው። ዌልስ ምክር ቤቷን በ2006 ካጠፈች በኋላ፣ የ2016ቱ የቅርስ ሕጓ አማካሪ ቡድን እንዲኖር እንደገና ደነገገ። በመካከሉ አሥር ዓመት አለ፤ ጣሪያው የሚያፈስ ሕንፃ ደግሞ አሥር ክረምት አይጠብቅም። ስለዚህ በማጠፊያው ረቂቅ ላይ ሚኒስትሩ ከመወሰኑ በፊት ከቢሮው ውጭ ማንን እንደሚያማክር በስም ተለይቶ ካልተጻፈ፣ ፊርማው ይቆይ።