የስላሎም ዊንድሰርፊንግ ቦርድን ቅርጽ አንብቦ ፍጥነቱን እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ዊንድሰርፊንግ ሸራ በተተከለበት ቦርድ በነፋስ ጉልበት ውሃ ላይ መሄድ ነው፤ ስላሎም ደግሞ ውሃ ላይ በተንሳፈፉ ምልክቶች (ቡዮች) መካከል የሚደረገው የፍጥነት ውድድሩ ነው። መጀመሪያ ቦርዱን ገልብጡት። ሆዱ ወደ ላይ ይሁን።

ብዙ ሰው ቦርድ ሲያይ ቀለሙንና አፍንጫውን ነው የሚያየው። ፍጥነቱ ያለው ግን ሆዱ ላይ ነው፤ በተለይ ከጅራቱ ጀምሮ ባለው አንድ ሜትር። ላለፉት 30 ዓመታት የስላሎም ቦርድ ነዳፊዎች የደከሙት ባብዛኛው ለአንድ ነገር ነው፦ ውሃ የሚነካውን ቦታ ለማሳነስ፣ ነጂው የሚቆምበትን ስፋት ግን እንዳለ ለማቆየት። ይህን ከያዛችሁ ቦርዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጎድጓዳና ጠርዝ ለምን እንደተሠራ ይገባችኋል። ከገባችሁ በኋላ ማስተካከሉ አይከብድም።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ማስመሪያ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ደብተርና ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ነው።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቁጥር ያዙ

ርዝመቱን ከአፍንጫ እስከ ጅራት ለኩ። ከዚያ ከሁሉም የሚሰፋውን ቦታ ለኩ። በመጨረሻ ከጅራቱ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሂዱና እዚያ ያለውን ስፋት ለኩ። ሦስተኛዋ ቁጥር ብዙ ትናገራለች። ፊኑ፣ ማለትም ከሆዱ ሥር የሚቆመው ክንፍ፣ የሚተከለው እዚያ አካባቢ ነው። የኋላ እግራችሁም የሚያርፈው እዚያው ነው።

ጂም ድሬክና ሆይል ሽዋይትዘር በ1968 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቁበት የመጀመሪያው ዊንድሰርፈር 3.6 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የስላሎም ቦርድ ከ3 ሜትር በታች ወርዶ ነበር፤ ስፋቱ ግን 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ረጅምና ቀጭን። የዛሬው ከ2.2 እስከ 2.4 ሜትር ቢሆን ነው። ትልቁ መጠን ደግሞ 85 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል።

ለምን ሰፋ? አንደኛ፣ ሲፈጥን ውሃ ላይ የሚንሸራተት ቦርድ እንደ ክንፍ ነው የሚሠራው። ወደ ጎን ሰፋ፣ ወደ ኋላ አጠር ያለ ገጽ ያንኑ ክብደት በትንሽ መጎተት ያነሳል። ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ የግላይደር፣ ክንፍ ወደ ጎን ረጅም፣ ከፊት ወደ ኋላ ግን ቀጭን የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ድሬክ በሙያው የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ከቦርድ አምራቹ ስታርቦርድ ጋር በሰፋፊ ቦርዶች ንድፍ ላይ መሥራቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ነገሩን የጀመረው ሰው ራሱ ቅርጹን እንደገና አሰበበት። ከዚያ ዘመን የወጡት፣ ፎርሙላ የሚባሉት የውድድር ቦርዶች እስከ አንድ ሜትር ይሰፉ ነበር። ስላሎም ያን ያህል ባይሰፋም ትምህርቱን ወስዷል።

ሁለተኛው ምክንያት ጉልበት ነው። በር ስትገፉ ከማጠፊያው በራቃችሁ ቁጥር ይቀላችኋል። ቦርዱም እንደዚያው ነው። ፊኑ ከታች ሆኖ በነፋሱ በኩል ያለውን ጠርዝ ወደ ላይ ሊያነሳ ይታገላል፤ እናንተ ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ትጫኑታላችሁ። እግራችሁ ከመሃል ከራቀ ረጅም ፊን ትይዛላችሁ፣ ትልቅ ሸራም ትሸከማላችሁ።

ስፋት ሁልጊዜ ፍጥነት ነው ማለት ግን አይደለም። ፈረንሳዊው ነጂ አንትዋን አልቦ በ2015 እ.ኤ.አ. በናሚቢያ ሉደሪትዝ፣ 500 ሜትር ላይ 53.27 ኖት አማካይ ፍጥነት አስመዝግቧል፤ በሰዓት ከ98 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ማለት ነው። ያ በጣም ጠባብ በሆነ የፍጥነት ቦርድ፣ በብርቱ ነፋስና ለዚሁ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ የተሠራ ነው። ስላሎም ሌላ ጉዳይ ነው። በቡዮች መካከል ትበራላችሁ፣ ቡዩ ጋ ትዞራላችሁ፣ ፍጥነቱን እንደገና ታነሳላችሁ። ከመታጠፊያ ሲወጣ የሚዘገይ ቦርድ ቀጥታው ላይ ቢፈጥንም ይቀደማል።

ደረጃ 2፦ ማስመሪያና ባትሪ

ማስመሪያውን ከጅራቱ ጀምራችሁ ሆዱ ላይ በቁመት አስተኙት። ከፊኑ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ክፍሉን አጨልሙና ባትሪውን ከማዶ አብሩ። በማስመሪያውና በሆዱ መካከል ብርሃን ሾልኮ ካያችሁ እዚያ ሆዱ አልነካም። ጥሩ የስላሎም ቦርድ ላይ የኋላው ክፍል ለረጅም ርቀት ድፍን ብሎ ይታያል። ወደ ፊት ስትሄዱ ቀጭን የብርሃን መስመር ይጀምርና እየሰፋ ይሄዳል። አፍንጫው ወደ ላይ መነሳት የጀመረው እዚያ ነው።

ጠፍጣፋው ሲረዝም ቦርዱ ቶሎ ይነሳል፣ ቀጥታው ላይም ይፈጥናል። ሲያጥር በሞገድ ውስጥ ይታዘዛል፣ መታጠፍም ይወዳል። የሁለቱን መካከል ማግኘት ነው የነዳፊው ሥራ።

ብርሃኑ በጠፍጣፋው መሃል ከታየ፣ ማስመሪያው ጫፍና ጫፉን ብቻ ከነካ፣ ተጠንቀቁ። ጅራቱ ወደ ውሃው አጎንብሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጅራት አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቀዋል። ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ ይህችን ምርመራ አትዝለሉ።

አሁን ማስመሪያውን አግድም አድርጉት። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ሆዱ እንደ ጀልባ መሃሉ ሾል ያለ ነው። ይህ ሞገዱን ይሰነጥቃል፣ ቦርዱንም በቀላሉ ከጎን ወደ ጎን ያዘነብላል። ወደ ፊት፣ የሸራው ምሰሶ እግር ከሚቆምበት አለፍ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ጎድጓዶች ታገኛላችሁ። ሞገድ ሲመታችሁ ውሃውን ተቀብለው ምቱን ያለዝባሉ።

ደረጃ 3፦ ጅራቱን በጣት ዳስሱ

ከፊኑ ግራና ቀኝ፣ ጅራቱ ጥግ ላይ፣ ሆዱ እንደ ደረጃ ወደ ውስጥ ተቆርጦ የገባበት ቦታ አለ። ካትአውት ይሉታል። ለእኔ ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ብልሁ ይሄ ነው። ከላይ እግራችሁ የሚቆምበት ስፋት አልተነካም። ከታች ግን በፍጥነት ስትሄዱ ውሃ የሚነካው መሃሉ ብቻ ነው። ሰፊ ቦርድ ላይ ቆማችሁ በጠባብ ቦርድ ትሄዳላችሁ።

ይህ የሚሠራው ውሃው ከጠርዙ ላይ በንጽሕና ተቆርጦ ሲወጣ ነው። እቤታችሁ ሞክሩት። ማንኪያ ያዙና ጀርባውን ቀስ ብሎ ለሚወርድ የቧንቧ ውሃ አስጠጉት። ውሃው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ የማንኪያውን ክብ ይዞ ይታጠፋል፣ ማንኪያውንም ወደ ራሱ ይስበዋል። አሁን ቢላዋ አስጠጉ። ውሃው ስለቱ ጋ ሲደርስ ይለቃል። የተሸራረፈና የተድበለበለ ጠርዝ እንደ ማንኪያው ነው፤ ውሃውን ይዞ ይጎትታል።

ስለዚህ ከጅራቱ ጀምራችሁ ግማሽ ሜትር ያህል ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱ። ስለታም ማዕዘን ሊሰማችሁ ይገባል። የተሸረፈ ካለ በኢፖክሲ ሙጫ ሙሉት፣ ሲደርቅ የብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በውሃ እያራሳችሁ አስተካክሉት። በ240 ቁጥር ወረቀት ጀምሩ፣ ይበልጥ በሚለሰልሰው በ400 ጨርሱ። በባዶ እጅ ካሻሻችሁት ማዕዘኑን ታድበለብሉታላችሁ። ከቀለሙ ሥር ያለው የጨርቅ ሽመና መታየት ከጀመረ ወዲያው አቁሙ፤ ከዚያ በታች ያለው የቦርዱ ጥንካሬ ነው። ወደ ፊት ያለው ጠርዝ ለስለስ ብሎ የተሠራው ሆን ተብሎ ስለሆነ አትንኩት።

ደረጃ 4፦ ቦርዱን መልሱና ጀርባውን እዩ

የዘመኑ ቦርድ ጀርባ የምሰሶው እግር የሚቆምበት አካባቢ ሰርጉድ ያለ ነው። ሸራው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፣ የነፋሱም ጉልበት እናንተን ለመጣል ያለው አቅም ይቀንሳል። የሸራው የታችኛው ጠርዝም ቦርዱን ሊነካ ይጠጋል፤ ነፋስ በሥር ሾልኮ አያመልጥም።

የአየር ማስተንፈሻዋን ብሎንም እግረ መንገዳችሁን ፈትሹ። በእጅ የምትዘጋ ከሆነች ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ጥብቅ አድርጓት።

ደረጃ 5፦ ፊኑን ምረጡ

ቦርዱን በትክክለኛው ፊን ካልነዳችሁት ነዳፊው የደከመበትን ግማሹን አላገኛችሁትም። ለመነሻ የሚሆን ግምት ይኸውና፦ 85 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋ ቦርድ ከ46 እስከ 52 ሳንቲ ሜትር ፊን፤ 70 አካባቢ ለሆነ ከ38 እስከ 42፤ 60 አካባቢ ለሆነ ከ32 እስከ 36። ሸራውም አብሮ ይሄዳል። ለሰፊው 9 ካሬ ሜትር አካባቢ፣ ለመካከለኛው ከ7 እስከ 8፣ ለጠባቡ 6 ገደማ።

ከዚህ በኋላ እግራችሁን ስሙ። ፊኑ ከበዛ በነፋሱ በኩል ያለው ጠርዝ ከእግራችሁ ሥር ይነሳል፣ ቦርዱ ሊገለበጥ የፈለገ ይመስላል፣ እናንተም በፍርሃት ሸራውን ትለቃላችሁ። ካነሰ ደግሞ ቦርዱ ውሃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወደ ነፋሱ መውጣት ይከብዳል፣ የኋላ እግራችሁን ጫን ስትሉ ጅራቱ ወደ ጎን ሸርተት ይላል። ልኩን ስታገኙ ቦርዱ ቀለል ይላል፤ የሚሰማችሁ ከጅራቱ ሥር የሚመጣ ትንሽ ጫጫታ ብቻ ነው። ነፋሱ በበረታ ቁጥር በ2 ሳንቲ ሜትር አሳንሱ።

ፊኑ ሳጥኑ፣ ማለትም የሚተከልበት ቀዳዳ፣ ውስጥ ሲገባ መወዛወዝ የለበትም። ከተወዛወዘ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ዋጋ የለውም።

ደረጃ 6፦ የምሰሶው እግርና የእግር ማሰሪያ

የምሰሶውን እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ መሃል ጀምሩ። ወደ ፊት ስታደርጉት አፍንጫው ይረጋል፣ ግን ብዙ ሆድ ውሃ ይነካል። ወደ ኋላ ስታደርጉት ቦርዱ ነፃ ይወጣል፣ ይፈጥናል፣ በሞገድ ግን ይዘላል። በአንድ ጊዜ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አታንቀሳቅሱ። ትንሽ ትመስላለች፤ ውሃ ላይ ግን በግልጽ ትታወቃለች።

እግራችሁን የምታስገቡባቸው ማሰሪያዎች ጠርዝ ጋ፣ ወደ ኋላ ባለው ቀዳዳ ይሁኑ። ለዚህ ስፖርት ገና ከሆናችሁ አንድ ቀዳዳ ወደ ፊት አድርጋችሁ ብትጀምሩ ችግር የለውም።

ደረጃ 7፦ ውሃ ላይ አወዳድሩ

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ፊኑንም የምሰሶውንም እግር በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ለውጡ ከየት እንደመጣ አታውቁም። የተቻለ እንደሆነ ጓደኛችሁ በራሱ ቦርድ፣ ምንም ሳይቀይር፣ አጠገባችሁ ይሂድ። ነፋስ በየደቂቃው ይለዋወጣል፤ እሱ ሚዛናችሁ ነው። ለደኅንነትም ብቻችሁን አለመሆን ይሻላል። ሄልሜትና የደረት መከላከያ አድርጉ።

ከሰዓቱ ላይ ከፍተኛውን ፍጥነት አትመልከቱ። አንዲት የነፋስ ግፊት ያመጣችው ቁጥር ልታሳስታችሁ ትችላለች። የ10 ሰከንድ አማካይ ፍጥነታችሁን ያዙ፣ የአምስቱን ምርጥ ሩጫዎች አማካይም አስሉ። ከሁሉ በላይ በየመታጠፊያው ዝቅተኛው ፍጥነታችሁ ስንት እንደነበረ ጻፉ። ሸራውን አዙራችሁ ስትወጡ ቦርዱ አሁንም እየተንሸራተተ ነው ወይስ ሰጥሞ ቆሟል? ሩጫው የሚሸነፈው እዚያ ነው።

ከውሃ እንደወጣችሁ፣ እጃችሁ ሳይደርቅ፣ አምስት ነገር ጻፉ፦ የነፋሱን ጉልበት፣ የሸራውን መጠን፣ የፊኑን ርዝመት፣ የምሰሶው እግር ከጅራቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚርቅና የ10 ሰከንዱን አማካይ። ከዚያ ፊኑን ፈታችሁ አውጡ፣ ሳጥኑን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ቦርዱንም ከፀሐይ አርቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ።