የኢትዮጵያን ሕግ በኢንተርኔት ሲፈልጉ፦ ያገኙት ጽሑፍ በሥራ ላይ ያለ መሆኑን እንዴት ያረጋግጣሉ?

የፌዴራል አዋጅ ወይም የሰበር ውሳኔ (መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የተባለን የመጨረሻ ፍርድ የሚመረምር ችሎት የሚሰጠው ውሳኔ) ለማግኘት ዛሬ ወደ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት መመላለስ ግድ አይደለም። የፍትሕ ሚኒስቴር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረ ገጾች፣ በግል የሚተዳደረው አቢሲኒያ ሎው፣ እንዲሁም የሕግ ባለሙያዎች ሰነድ የሚለዋወጡባቸው የቴሌግራም ቻናሎች አብዛኛውን የሚፈለግ ነገር ይዘዋል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ሰነዱ ከተገኘ በኋላ ነው፤ የተሻረ አዋጅ፣ ያልጸደቀ ረቂቅና በሥራ ላይ ያለ ሕግ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚገኙ ለይቶ ማወቁ ለፈላጊው የተተወ ነው።

አንድ ሠራተኛ ከሥራ በመቅረቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናብቷል እንበል። ስለ ጉዳዩ በኢንተርኔት ሲፈልጉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ሊመጣልዎት ይችላል። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ በቂ ምክንያት በተከታታይ ለ5 የሥራ ቀናት መቅረት ለስንብት ያበቃ ነበር። አዋጁን የተካው ቁጥር 1156/2011 ግን ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ጊዜ ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረቱን ይጠይቃል። የሙከራ ጊዜውም ከ45 ተከታታይ ቀናት ወደ 60 የሥራ ቀናት ተቀይሯል። በአሮጌው አዋጅ የተጻፈ አቤቱታ ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያገኙት ሕግ መጨረሻ ላይ ያሉትን «የተሻሩና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች» እና «የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች» የሚሉ አንቀጾች አስቀድመው ያንብቡ፤ ከዚያም የአዋጁን ቁጥር «ማሻሻያ» ከሚለው ቃል ጋር አድርገው እንደገና ይፈልጉ።

በፍለጋው ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ዓመተ ምሕረቱ ነው፤ በአማርኛ 1156/2011 የሚባለው አዋጅ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ተብሎ ስለሚጠራ በሁለቱም መሞከር ያስፈልጋል። ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። «ሥራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ የቆዩ ነጋሪት ጋዜጦች (የፌዴራል ሕጎች ታትመው የሚወጡባቸው የመንግሥት ጋዜጦች) ደግሞ አብዛኞቹ ስካን የተደረጉ ምስሎች በመሆናቸው፣ ሌሎችም ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ በመሆናቸው የፍለጋ ሞተር ውስጣቸውን አያነበውም። በእኔ አስተያየት ከቃል ይልቅ በአዋጅ ወይም በመዝገብ ቁጥር መፈለግ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሰነዱ የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ ካልሆነ፣ ማለትም የጋዜጣው ዓመት፣ ቁጥርና የወጣበት ቀን ካልታየበት፣ እንደ ረቂቅ ይቁጠሩት። በቴሌግራም ገና በምክር ቤት ያለ ረቂቅ «አዲሱ አዋጅ» እየተባለ ሲዘዋወር ማየት የተለመደ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የአማርኛው የበላይነት ስላለው፣ የእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ይዞ መከራከር አደጋ አለው።

በሰበር ውሳኔዎች ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ሆኖ ነበር፤ አሁን የሚሠራበት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሰጡት ትርጉም ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ አስገዳጅ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ በቅጽ (በተከታታይ ጥራዝ) የታተሙትን ውሳኔዎች ብቻ ማየት አይበቃም፤ ገና ያልታተመ ውሳኔም ይገዛል። ውሳኔ ሲያገኙ የዳኞቹን ቁጥር ይመልከቱ፤ የተተረጎመው የትኛው ሕግ እንደሆነ ይለዩ፤ ቀጥሎም በዚያው ነጥብ ላይ ከዚያ በኋላ የተሰጠ ውሳኔ መኖሩን ይፈትሹ፤ ችሎቱ የቀድሞ አቋሙን የሚለውጥበት ጊዜ አለና። በአዋጅ 377/1996 ላይ የተሰጠ ትርጉም ዛሬም የሚጠቅመው የተተረጎመው ድንጋጌ በ1156/2011 ውስጥ ሳይለወጥ ከተደገመ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ከማስተያየት ሌላ አቋራጭ የለም፤ የአንቀጽ ቁጥሩ አንድ መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕግን ለማስፈጸም የሚያወጧቸው መመሪያዎች ለረጅም ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚቀሩ ነበሩ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 እንዲመዘገቡና በድረ ገጽ እንዲጫኑ ግዴታ ጥሏል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት «በመመሪያችን መሠረት» ብሎ ሲጽፍልዎት የመመሪያውን ቁጥር ይጠይቁና በፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ካጡት ያልተመዘገበ መመሪያ ነው ብሎ የመከራከር ዕድል አለዎት።

የክልል ሕጎች የየራሳቸው ጋዜጣ አላቸው፤ የአማራ ክልል ሕግ በዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያው በመገለታ ኦሮሚያ ይወጣል። ስለ ጋብቻ ወይም ስለ ገጠር መሬት የሚፈልግ ሰው በፌዴራሉ ሕግ ላይ ብቻ ቢቆም ለጉዳዩ የማይሠራ ሕግ ይዞ ሊቀር ይችላል።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ መሣሪያዎች ለመነሻ ሐሳብ ይረዳሉ፤ ለማስረጃ ግን አይሆኑም። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በቻትጂፒቲ የተፈጠሩና ፈጽሞ ያልነበሩ ውሳኔዎችን በማቅረባቸው ሁለት ጠበቆችና የሕግ ቢሯቸው 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ቀጥቷል። የአማርኛ የሕግ ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ ጥቂት በሆነበት ሁኔታ የሚሰጥዎትን የአንቀጽም ሆነ የመዝገብ ቁጥር በዋናው ሰነድ ላይ ሳያዩ አይጻፉ።

ያረጋገጡትን ፋይል ዕለቱኑ በራስዎ ኮምፒውተር ያስቀምጡ፤ የመንግሥት ድረ ገጾች ሲታደሱ የቆዩ ፋይሎች ከቦታቸው ይጠፋሉ። ለአዋጅ ቁጥሩን፣ የነጋሪት ጋዜጣውን ዓመትና ቁጥር፣ አንቀጹንና ንዑስ አንቀጹን፤ ለሰበር ውሳኔ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀንና ከታተመ ቅጹን አብረው ይመዝግቡ።