አሮጌ የእንጀራ ምድጃ ሲሻሻል የሚሠሩ ስህተቶች

ምድጃ ጭስ ሲያበዛ ቀድሞ የሚታሰበን ቱቦ ነው። እኔም በዚሁ ነው የጀመርኩት። እናቴ ቤት ባለው የጭቃ ምድጃ ላይ ረጅም ቱቦ ተከልኩ። ማድቤቱ ጸዳ። ጭሱ ግን ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ላይ ዋለ፤ ማገዶውም ባሰበት።

ስህተቱ ከቱቦ መጀመር ነው። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው። እንጨት ሲግል አብዛኛው ክብደቱ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ያ ጋዝ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 600 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በቂ አየር ይፈልጋል። ካላገኘ ጭስና ጥቀርሻ ይሆናል። ቱቦ ጭሱን ከቤት ያስወጣል እንጂ አያቃጥለውም። ስቦ ካበዛው ደግሞ ነበልባሉን ከምጣዱ ሥር ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ እሳቱን አስተካክሉ፣ ቱቦው ይደርሳል። የሣር ክዳን ወይም እንጨት አጠገብ የሚያልፍ ቱቦማ ቤት ያቃጥላል።

ሁለተኛው የምድጃውን አፍ ማስፋት ነው። ትልልቅ ግንድ እንዲገባ ተብሎ ይቦረቦራል። በሰፊው አፍ ቀዝቃዛ አየር ከእሳቱ በላይ ይገባና ነበልባሉን ያበርደዋል። አፉን አጥብቡ፣ እንጨቱን ፍለጡ። ክንድ ከሚያክል አንድ ግንድ አራት ቀጫጭን ፍልጥ ይሻላል።

እንጨቱን መሬት ላይ ማጋደምም ያው ነው። አየር ከሥር መግባት አለበት። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ወጡን እንጃ፣ እንጨቱን ከመሬት ትንሽ ከፍ የሚያደርግ የብረት ርብራብ ግን ጭሱን በግልጽ ይቀንሰዋል። ሥሩ በአመድ እንዳይደፈን በጋገራችሁ ቁጥር ጥረጉት። ለርብራቡ አሮጌ ፌሮ ይበቃል። የጣሪያ ቆርቆሮ ቆርጣችሁ እሳት ውስጥ እንዳታስገቡ! የተለበጠበት ዚንክ ሲግል የሚያሳምም ጭስ ያወጣል።

ግድግዳውን በጭቃ ማወፈር ብዙ ሰው የሚኮራበት ስህተት ነው። «ሙቀት ይይዛል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይይዛል፤ ግን ከእሳቱ ነጥቆ ነው። 30 እንጀራ ለሚጋግር ሰው ጉዳቱ ያን ያህል አይታወቅም፣ ምድጃው አንዴ ከሞቀ ሞቀ። አምስት እንጀራ ለሚጋግር ግን ብዙ ማገዶ ጭቃ ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። በእሳቱ ዙሪያ አየር የሚቋጥር ነገር ይሻላል፦ ጭድ የበዛበት ጭቃ፣ አመድ፣ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። «ምርጥ» በሚል ስም የሚታወቀው የእንጀራ ምድጃም ከሲሚንቶ ጋር እንዲህ ያለ ድንጋይ ተቀላቅሎ ይሠራል።

የምጣዱን ጠርዝ በሲሚንቶ መድፈን አይሆንም። ምጣድ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ምጣዱ ራሱ። አመድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይበቃል፤ ሲሰነጠቅ በእርጥብ እጅ ማበስ ነው።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ ብዙ አልልም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት እስከ ግማሽ ክብደቱ ውኃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ውኃ ያፈላላችኋል፣ ከዚያ ነው እንጀራ።

ጭሱ ጠፋ ብሎ በርና መስኮት መዝጋት ግን አደገኛ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ፍም እስካለ ድረስ መስኮቱ ክፍት ይሁን።

የመጨረሻው ሁሉን በአንድ ቀን መቀየር ነው። የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ከመነካካታችሁ በፊት ለተመሳሳይ ሊጥ ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚያልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ መዝኑ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም እንዲሁ። እናቴ ሚዛኔን አትቀበለውም። የእሷ መለኪያ ከጋገረች በኋላ ነጠላዋን ማሽተት ነው።