ጅማ ለኬሞ (ለካንሰር መድኃኒት ሕክምና) የምትመላለሱ፣ ይህችን ያዙልኝ

እናቴን ሳስታምም የገባኝን ልንገራችሁ። አንድ የፕላስቲክ ፋይል ግዙና የባዮፕሲውን (ተቆርጦ የተመረመረውን ሥጋ) ውጤት፣ የሲቲ ስካኑን ሲዲ፣ የመድኃኒቶቹን ስምና ኬሞ የተሰጠበትን ቀን በሙሉ እዚያ ውስጥ አኑሩ። ወረቀቶቹን በስልክም ፎቶ አንሷቸው፤ የእኛ አንዱ ውጤት ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ለቆ ነበር፣ ያዳነን ፎቶው ነው። ከዳውሮ ወይም ከቦንጋ ለምትመጡማ አንድ ወረቀት ቤት መርሳት የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ኬሞ ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና መጀመሪያ «ኬሞ ላይ ነው» በሉ። በፓራሲታሞል አብርዳችሁ አትደሩ፣ እባካችሁ።

ጥያቄ ካላችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያሉትን የካንሰር ነርሶች ሳታፍሩ ጠይቁ። ለሕክምና አዲስ አበባ ከተላካችሁ ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ስላለው ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ቦታ መኖሩን አረጋግጡ።