የሰፈራችንን ደጋጎች እንዴት እናክብር?

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የአልጋ ቁራኞችን ቤት ለቤት የሚንከባከቡ እናቶችን ለማክበር ስትነሡ አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ አደባባይ የማይወዱ አሉ። ዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ሥራ ቀን ከመጋቢት 6 እስከ 12 ባለው ማክሰኞ ስለሚውል፣ በዚያው ሳምንት የእድር ስብሰባ ላይ ማድረጉ ይመቻል።

የምስክር ወረቀቱ ላይ «ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ብላችሁ አትለፉት። ገላ ማጠባቸውን፣ ቁስል ማጽዳታቸውን፣ በሌሊት ባጃጅ ለምነው ሕመምተኛ ሆስፒታል ማድረሳቸውን በዝርዝር ጻፉ፤ ሲነበብ ጉባኤው ሁሉ ይስማው። ካባውን ልጆቻቸው ያልብሷቸው፤ እናታቸውን ለሰፈሩ ያዋሱት እነርሱ ናቸውና።

የተረዱትን ሰዎች ግን መድረክ ላይ አታቁሙ፣ ፎቶም አታንሡ። ይህ ነውር ነው! ለዋንጫ የታሰበውን ገንዘብ ለእናቶቹ ትራንስፖርት፣ ለሳሙናና ለጓንት በየወሩ መድቡላቸው፤ ውሳኔውንም በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።