የዓይን ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ላይ ተጨማሪ መድኃኒት ሲቀላቀል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለተለመደው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና 2 ፐርሰንት ሊዶኬይን ብቻውን፣ ወይም ከ0.5 ፐርሰንት ቡፒቫኬይን ጋር እኩል ተቀላቅሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በላዩ ላይ የሚጨመር መድኃኒት ሁሉ የራሱ ስሌትና የራሱ አደጋ አለው።

የደም ሥርን አጥብቦ ማደንዘዣውን የሚያቆየውን አድሬናሊንን በግምት መቅዳት ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። የሚፈለገው 1 በ200,000፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። 1 በ1,000 የሆነው አምፑል በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ስለሚይዝ፣ ለ20 ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ የሚገባው 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህን በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መለካት አይቻልም፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይቅዱ። አንድ ሚሊ ሊትሩን አምፑል በሙሉ የጨመረ ባለሙያ አሥር እጥፍ ሰጠ ማለት ነው፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ ዓይንን የሚመግቡት የደም ሥሮች ይጠባሉ። የገፋ ግላኮማ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ጭራሽ ባይጨመር ይሻላል።

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ መዘለል የለበትም፦ «አባባ፣ ዛሬ ወይም ማታ ጫት ቅመዋል?» ጫት ራሱ የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚያነሳ፣ የቃመ ሰው ላይ አድሬናሊን መደረብ አይገባም። ጥያቄው ያለ ወቀሳ ይቅረብ፤ የተሸማቀቀ ታካሚ እውነቱን አይናገርም።

ማደንዘዣው ቶሎ እንዲሰራጭ የሚጨመረው ሃያሉሮኒዴዝ ላይ የሚበዛው ስህተት አቀማመጡ ነው። ኢንዛይም ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል። አንዳንዱ ምርት ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ሌላው ከ25 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ መለያው ላይ ተጽፏል፤ የድሬዳዋ መደርደሪያ ግን ማቀዝቀዣ ከሌለው 25ን በቀላሉ ያልፋል። የተበላሸው ሲጨመር ማደንዘዣው ቀስ ብሎ ይሰራጫል፣ ባለሙያው «አልያዘም» ብሎ ተጨማሪ ይወጋል፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል። የ1,500 ዩኒቱን ዱቄት በ1 ሚሊ ሊትር አሟሙተው 0.2 ሚሊ ሊትሩን ለ20 ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ ቢጨምሩ በሚሊ ሊትር 15 ዩኒት ያገኛሉ፤ ለተለመደው ሥራ ይህ በቂ ነው። የተረፈውን ለነገ አያስቀምጡ።

ሁለተኛ ዓይኑን ሊታከም የመጣ ሰው ካለ፣ ከመጀመሪያው በኋላ አብጦበት ወይም አሳክኮት እንደነበር ይጠይቁ። የሃያሉሮኒዴዝ አለርጂ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ዓይንን ገፍቶ ሊያሳብጥ ይችላል፤ በቀላሉም ከኢንፌክሽን ጋር ይምታታል።

የማደንዘዣውን አሲድነት ለመቀነስ የሚጨመረውን ባይካርቦኔትን ቡፒቫኬይን ላይ ማብዛት ድብልቁን ያደፈርሰዋል። የደፈረሰ ነገር ይደፋል እንጂ አይወጋም።

ክሎኒዲንና ዴክስሜዴቶሚዲን ማደንዘዣውን ያስረዝማሉ፤ ነገር ግን ወደ ደም ገብተው ልብን ያዘገያሉ፣ ግፊትን ያወርዳሉ፣ አረጋውያንን ያስተኛሉ። የዓይን ጡንቻ ሲሳብ ደግሞ የልብ ምት በራሱ ስለሚቀንስ ሁለቱ ይደራረባሉ። የልብ ምት መከታተያ፣ ኦክሲጅንና የተዘጋጀ አትሮፒን (የዘገየ የልብ ምትን የሚያፈጥን መድኃኒት) በሌለበት ክፍል አይጨመሩ።